ሦስት ግራጫ ብርድ ልብሶች

ሌባ ነህ ተባልኩ። አልሰረቅኩም። በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ከፊደል አንድም በማልለይበት ጊዜ፣ «ሰርቄ ሸጫለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው አሳተሙኝ። ቤተ ክርስቲያኔም ከጌታ እራት አገደችኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ትሪው በፊቴ እያለፈ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ። ነገሩ ይኸው ነው። ሰው ታሪኩን ሲጀምር ከዛፉና ከወፉ ይጀምራል፤ እኔ ግን ከበደሉ ጀምሬያለሁ። ዛፉ ይደርሳል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ አይሱዙ ነው። ሆሳዕና መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ረፋድ ላይ፣ ያ ካፊያ ይሁን ጉም የማይለይ የክረምት ነገር ሲወርድ፣ አንድ አይሱዙ በሩ ላይ ቆመ። ግራጫ ብርድ ልብስ ነው የጫነው፤ አሥር አሥሩ በፕላስቲክ ገመድ ታስሯል። ከላዩ ወጣቶች ተቀምጠው ይዘምራሉ። የሆነ ቦታ መሬት ተንዶ ሰው በልቷል፤ እነሱ ለመቆፈር መሄዳቸው ነው። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ መንገዱ ክፍት ነው?» አለኝ። «ክፍት ነው፤ ከወንዙ ወዲህ ግን ቀስ በል» አልኩት። ይህን እያልኩ እጄ ሳላዘው ሄዶ ብርድ ልብሱን ነካ። አዲስ ብርድ ልብስ ሽታ አለው፤ የናፍታና የማዳበሪያ ከረጢት ሽታ። ዐይኔ ሞላ።

አጠገቤ ያለው ትኬት ቆራጭ አየኝ። «ጋሽ ሄራሞ፣ ምን ሆንክ?»

«ብርድ ልብስ አይቼ ነው።»

«ሰው ብርድ ልብስ አይቶ ያለቅሳል እንዴ?»

«የመኪናው ጭስ ነው። ወደ ሥራህ!»

ሄደ። እኔ ግን ወደ ሥራዬ አልተመለስኩም።

የተወለድኩት ፎንቆ አካባቢ ነው። አባቴ ቀድሞ ሞተ፤ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ከውጭ አጥሩን ብቻ ነው የማውቀው። ጢሜ ሳይበቅል እናቴን ይዤ ሆሳዕና ገባሁና መናኸሪያው ውስጥ ወዛደር ሆንኩ። በቆሎ በጆንያ፣ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በግ ከነነፍሱ፣ አልጋ ከነብረቱ፤ ሁሉንም አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አውጥቻለሁ። ትከሻዬ ላይ የበቀለው ሥጋ እስካሁን አለ። ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር፤ እናቴ ስለምትሄድ። መዝሙሩን ቃሉን ሳይሆን ዜማውን ነው የምወደው። እግዚአብሔር ማለት ለእኔ እንደ ዞን አስተዳዳሪ ነበር። መኖሩን አውቃለሁ፤ ቢሮው ግን ገብቼ አላውቅም፤ ጉዳይም የለኝም።

ያ ክረምት ዝናቡ አላባራ ያለበት ክረምት ነበር። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ፣ በከምባታ በኩል፣ ከአንጋጫ አልፎ ዱራሜ ሳይደርስ ባለ አንድ ቀበሌ፣ ተራራው ጎኑን ጣለ። የቀበሌውን ስም አልጽፍም፤ የተረፉት ሰዎች በዚያ ቀን መጠራት አይወዱም። ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መድረክ ላይ ወጥተው፣ «ትከሻ ያለው ይምጣ» አሉ። ሰዉ ዞሮ እኔን አየ። እውነቱን ልናገርና፣ ፍቅር አይደለም የወሰደኝ። ትከሻ ያለው እኔ ስለነበርኩ፣ ሁሉም እያየኝ እምቢ ማለት አፍሬ ነው።

የወሰደን የሸምሱ መኪና ነበር። ሸምሱ የእህል ነጋዴ ሹፌር ነው፤ ሙስሊም ነው፤ መናኸሪያ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሲስቅ ከሞተሩ ይበልጣል። መኪናውን ለምኖ በነጻ ያመጣው ራሱ ነው። ሰዎቹ ዶማና አካፋቸውን ይዘው ሲወጡ መዝሙር ጀመሩ። ሸምሱ ጋቢና ሆኖ፣ «ዘምሩ፣ ዘምሩ! ጎማው ሲሰምጥ ግን ዝማሬ አይገፋውም፤ ሄራሞ፣ አንተ ከኋላ ቁም» አለ። አራት ጊዜ ሰመጠ። አራት ጊዜ ገፋሁ። አንጋጫ ስንደርስ ጭቃው እስከ ወገቤ ነበር። ከግራ ከቀኝ እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ውኃ ያንጠባጥባል፤ ጉሙ ከእንሰቱ ላይ አይነሳም። ያን መንገድ በበጋ ብታዩት እንዲህ ያለ ለምለም አገር ሰው አይሞትበትም ትላላችሁ።

ደረስን። መዝሙሩ ቆመ።

ተራራው ከአናቱ እስከ ግርጌው ተልጧል። ቀይ ነው፤ የታረደ ነገር ይመስላል። ከሥሩ ቤት የለም፣ አጥር የለም፣ መንገድ የለም፤ እንሰት ብቻ ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ እዚህም እዚያም ተተክሏል። የተረፉት ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። አንድ ሽማግሌ በሬው የታሰረበትን ገመድ ጫፍ ይዞ ተቀምጧል፤ በሬው የለም።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳ፤ የኔ ጥፋት ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር፣ ሀዲያም ሆነ ከምባታ፣ ቤት ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ይሠራል። እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ ነው። እንሰቱ መሃል ደግሞ የቆጮው ጉድጓድ አለ፤ ተፍቆ በቅጠል ተጠቅልሎ ተቀብሮ ወር ከዚያም በላይ የሚብላላበት። ሽታውን የማያውቅ ልጅ በእኛ አገር የለም። ስለዚህ መሬት ሲናድ ቤት የሚፈለገው በአፍንጫ ነው። ኮምጣጣው ሽታ ከመጣ ጉድጓዱ እዚያ አለ፤ ጉድጓዱ ካለ ቤቱ ከፊቱ፣ ወደታች፣ ጥቂት እርምጃ ላይ ነው። በዚህ ዘዴ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ቤት አገኘን። ካንዱ ሁለት ሰው በሕይወት ወጣ። ሽታውን ያገኘሁት እኔ ነበርኩ። ሰዎቹ ጀርባዬን መቱኝ፤ «አፍንጫህ ይባረክ!» አሉኝ። ኮራሁ።

በማግሥቱ ሦስተኛ ጉድጓድ አገኘሁ። ቆጮው ከነቅጠሉ፣ እንደተቀበረ፣ ሥርዓቱን ሳይለቅ ተቀምጧል። የኤርጃቦ ቤት ነው አሉ። ኤርጃቦ ሾኔ ገበያ ሄዶ ወንዙ ሞልቶበት አልተመለሰም፤ ቤት ውስጥ የነበሩት ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ናቸው። «ከዚህ ወደታች!» አልኩ። መቆፈር ጀመርን።

አንዲት የሰፈሩ አሮጊት፣ እማማ አበበች የሚሏቸው፣ በትር ተደግፈው መጡ። አማርኛቸው እንደኔው የተሰባበረ ነው፤ እኔ ሀዲይኛ እሳቸው ከምባትኛ፤ መሃል ላይ በአማርኛ ነው የምንገናኘው።

«ልጄ፣ ድምፅ ሰምቻለሁ። ከላይ ነው፤ ከዚያ» አሉና በበትራቸው ወደ ሽቅቡ አሳዩኝ።

«እማማ፣ ጉድጓዱ ይኸው። ቤት ከጉድጓድ በላይ ተሠርቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያስ?»

«እኔ ግን ሰምቻለሁ።»

«ውኃ ይሆናል እማማ። ይቀመጡ፣ ያዳልጥዎታል።»

ሄደው ተቀመጡ። ያን ቀን ሙሉ ቆፈርን፤ በማግሥቱም እስከ ረፋድ። ጭቃ፣ ድንጋይ፣ የእንሰት ሥር፣ ጭቃ። ንፍሮ ያመጡልናል፤ ቆመን እንቅማለን፤ እንቆፍራለን። ከሥር ምንም የለም። ከዚያ ሸምሱ አካፋውን ተደግፎ ቆየና፣ «ሄራሞ፣ ይሄ ጉድጓድ ቢሄድስ?» አለኝ።

«ጉድጓድ የት ይሄዳል?»

«ተራራ ከሄደ ጉድጓድ የማይሄድበት ምክንያት ምንድን ነው?»

ያኔ ገባኝ። እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ፣ ከላይ ነበር። መሬቱ እንሰቱን ከነጉድጓዱ አንስቶ፣ በቤቱ ላይ አሳልፎ፣ ወደታች አምጥቶ አስቀምጦታል። ቤቱ ከላይ ቀርቷል። አሮጊቷ በበትራቸው ያሳዩን ቦታ ላይ።

ሮጥን። በእጃችንም ቆፈርን። እኩለ ቀን ሳይሆን አገኘናቸው። የባሕር ዛፉ ማገር አንድ ጎን ላይ ቢሰበርም አልወደቀም፤ ከሥሩ ሰው የሚቀመጥበት ያህል ክፍተት ነበር። እናትየው ልጆቹን ከግድግዳው አስጠግታ ከላያቸው ሆናለች። ጥፍሮቿ መሃል ቀይ አፈር ሞልቷል፤ ስትቧጥጥ ቆይታለች። ከሦስቱ ትንፋሽ ያለው የለም። ትንሹን ልጅ እኔ ነኝ ያነሳሁት። አልቀዘቀዘም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው ፊደል የተማርኩት ብል አልዋሸሁም። አልቀዘቀዘም ነበር።

ከእኛ ጋር የመጡት መሪዎች መጸለይ ጀመሩ፤ ሁለት ቃል ተናግረው አቆሙ። እኔ ልጁን ታቅፌ ቆሜ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እግዚአብሔርን አናገርኩት። ጸሎት አልነበረም። በሀዲይኛ ነው የተናገርኩት፤ በአማርኛ ስጽፈው ይለዝባል። «አንተ ታይ ነበር። ለአሮጊቷ ያሰማኸውን ለእኔ ለምን አላሰማኸኝም? ናና ቆፍር! ውረድና በእጅህ ቆፍር!» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ሰዉ ፈቀቅ አለ። እየተቆጣሁ እያለሁ አንድ ነገር ገረመኝ። ከሌለ ማንን ነው የምቆጣው? ሰው ባዶ ቢሮ ገብቶ አይጮኽም። ከዚያ ቀን በፊት ስለ እርሱ እዘምር ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከእርሱ ጋር ተጣልቼም ታርቄም አላቆምኩም። እምነት ይህ ከሆነ ያኔ ነው ያመንኩት። የሚጣፍጥ ነገር አልነበረም።

ለሟቾቹ መጠቅለያ አልነበረም። የቤቱ ጋቢ ጭቃ ሆኗል፤ ጎረቤቶቹ የለበሱትን ብቻ ነው ይዘው የወጡት። ሸምሱ፣ «በዚህ መልክ አፈር አይገቡም። በእኛም በእናንተም ነውር ነው» አለ። የእርዳታው ብርድ ልብስ አንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ተከምሯል። ኃላፊው ከእኛው ቤተ ክርስቲያን የመጣው ጸሐፊ፣ ወንድም ማርቆስ ነው፤ ጽሑፉ የሚያምር፣ ሸሚዙ በዚያ ጭቃ መሃል ነጭ የሆነ ሰው። ብርድ ልብሱ ለሕያዋን ብቻ ነው ብሎ አስጠንቅቆናል። ሄድኩ። በሩ ላይ ማንም የለም፤ ምሳ ሰዓት ነው። ሦስት አንስቼ መጣሁ። ሸምሱ እንዴት እንደሚጠቀለል ያውቃል፤ እኔ ያዝኩ፣ እሱ ጠቀለለ። እሱ በራሱ መንገድ በሹክሹክታ ጸለየ። እኔ ያለኝን ተናግሬ ጨርሻለሁ።

ልናወርዳቸው ስንል ኤርጃቦ መጣ። ከሾኔ በእግሩ ነው የመጣው። ጨው የቋጠረበትን ጨርቅ ይዟል፤ ለቤቱ የገዛው። ተንበርክኮ የትንሹን ብርድ ልብስ ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ዳሰሰና፣ «ያሞቃል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ያሞቃል» አልኩት።

ከዚያ በኋላ አላወራም። በሦስተኛው ቀን ወደ ሸንኮራ እርሻ ሄደ አሉ፤ ብዙ የእኛ አገር ሰው ወደሚሄድበት ቆላ። ወሬው ጠፋ።

ልንመለስ ስንል ወንድም ማርቆስ ጠራኝ። እርዳታውን የላኩት ሰዎች ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው፤ ብርድ ልብስ ጎድሏል።

«ሄራሞ፣ ብርድ ልብስ ወስደሃል አሉ።»

«አዎ፣ ሦስት። ለሞቱት ነው። እናትየዋንና ልጆቹን ጠቅልለንበታል።»

«እሱኑ ነው የምጽፈው» አለና ጻፈ፤ ብዙ ጻፈ። «በል ጣትህን አምጣ።»

«ምን ይላል?»

«ያልከኝን ነዋ! ሌላ ምን ይላል?»

ሰጠሁት። ለምን አልተጠራጠርክም ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ፣ ወንድም ነው ያልነው። ሁለተኛ፣ በዚያን ሰዓት ስለ ብርድ ልብስ ግድ አልነበረኝም። የልጁ ክብደት ገና ክንዴ ላይ ነበር። የፈለገ ሰው የፈለገውን ቢቀጣኝ ይገባኛል ብዬ አስብ ነበር፤ ሌላ ቦታ ያስቆፈርኩት እኔ ነኛ!

በሁለተኛው እሑድ ወረቀቱ በጉባኤ ፊት ተነበበ። የራሴን ቃል የሰማሁት ያኔ ነው። «ከእርዳታው ክምችት ብርድ ልብሶችን ያለ ፈቃድ ወስጄ ለግል ጥቅሜ ሸጫለሁ፤ ጥፋቴንም አምናለሁ።» እናቴ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበረች። ዞራ አላየችኝም። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ የተቀመጠችው በሩ አጠገብ ነው።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቀረብኩ። «ምስክር አለህ?» አሉኝ። ሸምሱ አለ፤ ውጭ ጥድ ሥር ቆሞ እየጠበቀ ነው። «በእኛ ቤት ምስክር ሁለት ነው፤ ያውም አማኝ» አሉ። ሌሎቹ ቆፋሪዎችስ? በዚያ ሰዓት ሌላ ቤት ሊቆፍሩ ሄደው ነበር፤ ስንጠቀልልም ስንቀብርም አላዩም። እማማ አበበችስ? በዚያው ወር ሳምባቸውን ታመው ሞተዋል። ኤርጃቦስ? ማን ያውቃል። ጣቴ ግን ወረቀቱ ላይ አለ።

ስወጣ ሸምሱ ፊቴን አይቶ ተረዳ። «ቀላል ነው» አለኝ። «መኪናውን አወጣለሁ፤ ሽማግሌዎቹን ጭነን እንሂድ። መቃብሩ ይከፈት። ብርድ ልብሱ እዚያው አለ፤ ዐይናቸው ይመስክር።»

አሰብኩበት። አልዋሽም፣ አንድ ሳምንት አሰብኩበት። ስሜ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዶማ ይዞ መሄድ ብቻ ነው። በሳምንቱ ለሸምሱ፣ «አይከፈትም» አልኩት።

«አብደሃል? ሌባ ተብለህ ልትኖር?»

«አንድ ጊዜ ያለ ቦታው ቆፍሬ ገድያቸዋለሁ። አሁን ደግሞ ለስሜ ብዬ ብርድ ልብሳቸውን አልገልጥም። ያየው አይቷል።»

«ማን?»

«የተጣላሁት።»

ሸምሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ ትከሻዬን ያዘኝ።

ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ ቅዱስ ነኝም አልልም። በየዓመቱ ተጸጽቼበታለሁ። ወዛደር ሌባ ከተባለ ምን ቀረው? ዕቃ የሚሰጠው በእምነት ነው። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ስወጣ ከታች ጓደኞቼ፣ «ሄራሞ፣ ስትወርድ እጅህን አሳይ!» ይላሉ፤ ተሳፋሪው ይስቃል፤ ከዚያ ሻንጣውን ከእጄ ይነጥቃል። ለጋብቻ የተላኩት ሰዎች ግማሽ መንገድ ሄደው ተመለሱ። ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሂድ ያሉኝ ነበሩ፤ ከተማው ውስጥ ሞልቷል። አልሄድኩም። ከሄድኩ ሌባ ነኝ ማለት ነው። ደግሞም ጠቤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ብቻ አልነበረም፤ ከባለቤቱም ጋር ያልጨረስኩት ነገር አለኝ። ባለቤቱን ደግሞ በቤቱ ነው የምትጠይቀው። ስለዚህ በየእሑዱ ሄድኩ። የጌታ እራት ሲሆን ትሪው ይመጣል፤ ትንንሾቹ ብርጭቆዎች ይንኳኳሉ፤ የቀዩ ጭማቂ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ይደርሳል፤ የሚያድለው ሰው ዐይኑን ሰብሮ በላዬ አሳልፎ ለጎረቤቴ ይሰጣል። አፍንጫዬ እንደሆነ ለሽታ ተፈጥሯል።

በሠላሳ ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ከሥራ መልስ፣ ጉልበቴ የማይገባበት የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሀሁ። አስተማሪዋ፣ «ጋሽ ሄራሞ፣ መጀመሪያ ምን ማንበብ ትፈልጋለህ?» ስትለኝ ሌሎቹ መጽሐፍ ቅዱስ አሉ። እኔ፣ «አንድ ወረቀት» አልኳት። ማንበብ ስችል ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ሄጄ ወረቀቴን ጠየቅኩ። «መዝገብ ለተቀጣ ሰው አይሰጥም» አሉኝ። በየዓመቱ ጠየቅኩ። በየዓመቱ እንደዚያው። እስከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱን አነበብኩ፤ እዚያ ውስጥም የሚጣሉት ብዙ መሆናቸውን አየሁ። ትንሽ ደስ አለኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔ ሲጠራ ዐይኔ ሞራ ለብሷል፤ ሸምሱን ስኳር ወስዶታል፤ እናቴ አፈር ሆናለች። እንዲህ ነው የሆነው። በእኛ አገር ለመስቀል የማይመለስ ሰው የለም። ያለፈው መስቀል ሰሞን መናኸሪያው ሰው በሰው ላይ ሆኖ ሳለ፣ ፀሐይ ያጠቆረው አንድ ቀጭን ሽማግሌ ከአዳማ አውቶቡስ ወረደ። ተራ የሚያስከብረው እኔ ነኝና ወደኔ መጣ።

«ድሮ ከሸምሱ ጋር ይሠራ የነበረ፣ ትከሻው የሰፋ ወዛደር ነበር። በሕይወት አለ?»

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ላመሰግነው። ሚስቴንና ልጆቼን በአዲስ ብርድ ልብስ ጠቅልሎልኛል። ያኔ አፍ አልነበረኝም። አሁን ልሞት ነው፤ ከነሱ አጠገብ ልቀበር መጥቻለሁ፤ ሳላመሰግን መሄድ ከብዶኝ ነው።»

ኤርጃቦ ነው። ሻይ ቤት አስገባሁት፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። ስለ ወረቀቱ አልነገርኩትም። ከወረቀቱ በፊት የሚነገር ነገር ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓመት ለሰው ያልተናገርኩት።

«አታመስግነኝ» አልኩት። «በሕይወት ነበሩ። አሮጊቷ ከላይ ድምፅ ሰማሁ አሉ፤ እኔ ጉድጓዱን ይዤ ሌላ ቦታ አስቆፈርኩ። አንድ ቀን ተኩል። ትንሹን ሳነሳው አልቀዘቀዘም።»

ሽማግሌው የቀዘቀዘውን ሻይ ወደ ጎን ገፋው። ቢመታኝ አልከላከልም ነበር። ቢያለቅስ እሄድ ነበር።

«ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ቤቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ብኖር ኖሮ እኔም ከጉድጓዱ በታች ነው የማስቆፍራችሁ። አሮጊቷንም ከአንተ ብሼ እገስጻቸው ነበር።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አልቀዘቀዘም ነበር አልክ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እየሞቀው ነው የተጠቀለለው» አለ።

ያን ቃል ምን እንደማደርገው እስከ ዛሬ አላውቅም። ያጽናናል አልልም። ግን ይዤዋለሁ።

ስለ ወረቀቱ የሰማው ከሌላ ሰው ነው። በትሩን ይዞ በቀጥታ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ የምስክርነት ጊዜ ሲሆን ተነሥቶ ቆመና ያየውን ተናገረ። አማኝ ምስክር ይኸው! ጉዳዩ ግን በአንድ ቀን የሚያልቅ መሰላችሁ? ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሌላ ኮሚቴ ወለደ። ሁለተኛውን ምስክር የት እናምጣ ተባለ። አንዱ ወጣት ሽማግሌ ነው በመጨረሻ፣ «አባቶቼ፣ የሟቾቹ አባወራ ቆሞ እየመሰከረ እኛ የምንቆጥረው ምንድን ነው?» ያለው። ከመስቀል እስከ የካቲት ፈጀባቸው።

የካቲት ላይ አንድ እሑድ ወረቀቱ ወጣ። አንዱ ሊያነብ ሲነሣ፣ «እኔ አነባለሁ» አልኩ። ሰጡኝ። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ ጽሑፉ አሁንም ያምራል። ከሥሩ አውራ ጣቴ አለ፤ ትንሽ ነው፤ ወጣት ነው። አነበብኩት፤ እያንዳንዱን ፊደል። «ሸጫለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩና ወደ ወንድም ማርቆስ ዞርኩ። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ አሁንም ነጭ ነው።

«ወንድም ማርቆስ፣ ይህን ነው ያልኩህ?»

«አይደለም።»

«ለምን ጻፍከው?»

«ተቆጣጣሪው ሊመጣ ነበር። ለሞተ ሰው ሰጠን ብል ይጠይቁኛል። አንተ… አንተ ወዛደር ነበርክ። ይረሳል ብዬ ነው።»

ክፉ ሰው ነው ብዬ ስጠላው ኖሬያለሁ፤ ለካ ክፉ እንኳ አልነበረም። ፈሪ ነበር። እጄን ዘረጋሁለት፤ ያዘው። ይቅር አልኩህ አልኩት፤ ደስ ብሎኝ አይደለም፤ የታዘዝኩት ደስ እንዲለኝ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ያ አይሱዙ ከመነሳቱ በፊት ጎማው ላይ ወጥቼ ወጣቶቹን አስቆምኳቸው። መዝሙሩን አቆሙ። «ሁለት ነገር ልንገራችሁ» አልኳቸው። «አሮጊት ሴት ከላይ ድምፅ ሰማሁ ካለቻችሁ፣ የምታውቁትን ሁሉ ጥላችሁ ከላይ ቆፍሩ። ለሟች ብርድ ልብስ ካነሳችሁ ደግሞ ወረቀቱን ራሳችሁ ጻፉ።» አንዷ፣ «ጋሼ፣ ጸልዩልን» አለችኝ። «እዚያ ስትደርሱ ራሳችሁ ትጸልያላችሁ» አልኳት። «እንደዚህ መዝሙር ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ተናገሩት፤ ይሰማል።» መኪናው ሄደ። ብርድ ልብሶቹ ከኋላ ሲወዛወዙ እስኪታጠፍ ድረስ አየሁት።

ኤርጃቦ በሕይወት አለ። ከመቃብሩ አጠገብ ጎጆ ቀልሷል፤ ከጀርባው እንሰት ተክሏል። ብርድ ልብሶቹ ከአፈር በታች ናቸው፤ ማንም አልገለጣቸውም። ያን እሑድ ሽማግሌዎቹ እገዳውን አንሥተው ወረቀቱን ከቀደዱት በኋላ ትሪው ዞረ፤ ደረሰኝ፤ በላዬ አላለፈም። ትንሿን ብርጭቆ በዚያው አውራ ጣቴ ይዤ ጠጣሁ። የካቲት ሁለት ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።